የጋሽ ከድሮ ኮረብታ

ጋሽ ከድሮን እስካገኝ ድረስ ሰው ሲቆም አይቼ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እኔና እናንተ ስንቆም እግር እንቀያይራለን፣ አንገታችንን እናካለን፣ አላፊ አግዳሚውን ዞር ብለን እናያለን። ጋሽ ከድሮ ግን ከቆሙ ቆሙ ነው። ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ታርፋለች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ሲሰለቻት ትሄዳለች። እሳቸው እዚያው ናቸው።

ሥራቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቅየሳ ስታፍ ይዘው ቆመዋል። ስታፍ የምንለው አራት ሜትር የሚረዝም፣ ከላይ እስከ ታች ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ነው። ቀያሹ ማዶ ሆኖ በሌቭል መነጽር ቁጥሩን ያነባል፤ መሬቱ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል ከዚያ ያሰላል። ዘንጉ ካጋደለ ቁጥሩ ይዋሻል። ስለዚህ የስታፍ ያዥ ሙያ አንድ ነው፤ አለማጋደል።

ስለ እሳቸው የሚወራ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ አገና አካባቢ የመንገድ ቅየሳ ላይ ሳሉ ጉም ወረደና ቀያሹ ምንም ማየት አቃተው። መኪናውን አስነሥቶ አገና ገባ፣ ክትፎውን በላ፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ ጉሙ ገለጥ ብሏል፤ ጋሽ ከድሮ ስታፉን ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቀያሹ ደንግጦ «ምን ታደርጋለህ?» ቢላቸው «ሂድ አላልከኝም» አሉት። የሠርጋቸው ፎቶ ደግሞ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሙሽራው በጥቁር ኮት የቆመ ስታፍ ነው። ሙሽሪት ሰልሚያ ትንሽ ዘንበል ብላለች፤ ጋሽ ከድሮ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱላትም።

እኔ ፍሬሕይወት እባላለሁ፤ የወልቂጤ ልጅ ነኝ። ቡታጅራ ለአንድ የውሃ ጥናት ቢሮ ተቀጥሬ ስመጣ ዲግሪና ድሮን ይዤ ነበር። ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ ድሮኑን ግን ሰው እንዲያይልኝ በእጄ አንጠልጥዬው ነው የገባሁት። ትዕቢተኛ ነበርኩ። አሁንም ትንሽ አለብኝ፤ ጋሽ ከድሮ ግን ብዙውን አራግፈውልኛል።

ሥራው እንዲህ ነበር። በመስቃን አንድ ኮረብታ ሥር ጥሩ ምንጭ አለ። ከዚያ ምንጭ ለአምስት መንደሮች የቦኖ ውሃ ማውረድ ተፈለገ። ሞተር የለም፣ ነዳጅ የለም፤ ውሃው በራሱ ክብደት ወርዶ ይደርሳል። ታዲያ ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ቦኖው የሚተከልበት ቦታ ከአንዲት ከፍታ በላይ ከሆነ ቧንቧው አየር ብቻ ይተፋል። ያችን ከፍታ ቢሮአችን ውስጥ «መስመሯ» እንላት ነበር። ከመስመሯ በታች የሆነ መንደር ይጠጣል፤ በላይ የሆነ እንደለመደው አህያውን ይጭናል።

ከአምስቱ መንደሮች አምስተኛው የጋሽ ከድሮ መንደር ነው። ይህን ጉዳይ የሁሉም መንደር ጉዳይ አድርገው ሊያዩት ቢሞክሩም አልቻሉም። ሰልሚያን ሲያገቧት «ውሃው እደጅሽ ድረስ ይመጣል» ብለው ቃል ገብተውላታል። ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ወጣት ሙሽራ የማይገባው ቃል የለም። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። የሰውን ሁሉ መንገድና ቦይ ሲለኩ ኖረው የራሳቸው ሚስት ቢጫ ጀሪካን አህያ ላይ ጭና አንድ ሰዓት ሄዳ አንድ ሰዓት ትመለሳለች። እትዬ ሰልሚያ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ፤ የቀያሽ ሚስት ምን ሆነች ሊሉ ነው?» ትላቸው ነበር።

ጋሽ ከድሮ ሌላም ሥራ አላቸው፤ ደመወዝ የሌለው። የመንደራቸውን ጀፎሮ ይጠብቃሉ። የጉራጌን መንደር ለማያውቅ ልንገር፤ ቤቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ መሃላቸው ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ ሜዳ አለ። ያ ነው ጀፎሮ። ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ አይቆፈርም፣ ዕቃ አይቀመጥበትም። ይህን ሕግ ሁሉም ያውቃል፤ ጋሽ ከድሮ ግን ያስፈጽሙታል። ጋሪ ቆሞ ካዩ እየገፉ ከባለቤቱ ደጅ ያደርሱታል። ጎረቤታቸው ሸረፋ በርበሬውን ጀፎሮው ላይ ቢያሰጣ ጠቅልለው በሩ ላይ አስቀመጡለት። አንድ ከከተማ የመጣ ባለሥልጣን ሞተር ሳይክሉን ሣሩ ላይ አቁሞ ስብሰባ ገብቶ ሲወጣ፣ ሞተሩን ከአንድ ጓሮ፣ ከጥጃ አጠገብ ነው ያገኘው።

ድሮኑን መጀመሪያ ያሳየኋቸው ቀን ዞረው ዞረው አዩት።

«ይሄ ምን ይለካል?»

«ፎቶ ያነሳል ጋሼ። ብዙ ፎቶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ። አንዱን ድንጋይ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚያየው ኮምፒውተሩ ከፍታውን ያሰላዋል። ሰው በሁለት ዓይኑ ቅርብና ሩቁን እንደሚለየው ማለት ነው።»

«በፎቶ?»

«በፎቶ።»

«የሠርጌን ፎቶ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እዚያ ላይ ሰልሚያ ከእኔ ትረዝማለች። ድንጋይ ላይ ቆማ ነው።» ይህን ብለው ስታፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ። እኔም ሳቅኩ፤ የተማረ ሰው የሚስቀውን ሳቅ።

ሥራው የጀመረው በኅዳር ነው። ከበረራ በፊት መሬት ላይ ምልክት ይነጠፋል፤ ጥቁርና ነጭ መስቀለኛ የተሳለበት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ። የእያንዳንዱን ምልክት ቦታና ከፍታ ቀድመን በጂፒኤስ እንለካለን። ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ሰፍቶ የመሬቱን ቅርጽ ሲሠራ በእነዚህ ምልክቶች ይቸነክረዋል፤ ቆዳ በችካል ተወጥሮ እንደሚደርቅ ማለት ነው። አራተኛውን ምልክት የነጠፍኩት በጋሽ ከድሮ ጀፎሮ መሃል ነው። ለካሁት፣ ቦታው እንዳይጠፋኝ ሥሩ ምስማር መታሁ፣ አራት ማዕዘኑን በድንጋይ አስያዝኩት። ጋሽ ከድሮ ደጃቸው ቆመው ያያሉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ለፎቶው ነው ጋሼ» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት በቅየሳ የኖረ ሰው ቢነገረው በአንድ ቃል ይገባው ነበር፤ እኔ ግን ለዘንግ ያዥ ማስረዳት ጊዜ ማባከን መሰለኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ደመና ሆነና በረራው ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ሆነ። መንደሩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ለብሶ ጠብቋል። ከሰማይ ፎቶ ይነሳል ተብሏላ! በዚያ ላይ የሸረፋ ልጅ ሠርግ ነበር። ድሮኑ ሲነሳ ሕዝቡ አንጋጦ ፈገግ አለ፤ ሸረፋ አዲስ ኮፍያውን አስተካክሎ ደረቱን ነፋ። በኋላ «የኔን አሳዪኝ» ብሎ ቢሮ ድረስ መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ አሳየሁት፤ አንድ ነጭ ነጥብ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮፍያህ ነው።»

«ፊቴስ?»

«ከሥሩ ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሮኔን አልወደደውም።

ውጤቱ በሳምንቱ ወጣ። አራቱ መንደሮች ከመስመሯ በታች፣ ጥሩ። አምስተኛው መንደር ጋ ስደርስ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ቦኖው እንዲተከል ከታሰበበት ቦታ ጀምሮ በጋሽ ከድሮ ጓሮ በኩል የሚያልፍ ኮረብታ። ያማረ፣ ከበብ ያለ ኮረብታ። የቦኖው ቦታ ከመስመሯ በላይ አራት ሜትር ሆኗል። አለቃችን አቶ ሙባሪክ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩና «ይህ መንደር ይውጣ፤ ውሃ አይደርሰውም» አሉ።

ለጋሽ ከድሮ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ካርታውን ዘርግቼ ኮረብታውን በጣቴ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ የኔ ጓሮ ነው?»

«አዎ።»

«ኮረብታ?»

«ፎቶው እንዲያ ይላል።»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደር ገባ። በማግሥቱ መንደሩ ሁሉ ይቀልድባቸው ጀመር። «አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ከድሮ፣ ተራራው እንዴት አደረ?» ይላል አንዱ። ሸረፋ ደግሞ «ኮረብታዎ ላይ ጅብ ታየ አሉ፤ እውነት ነው?» እያለ ከበር ላይ ይጮኻል። እትዬ ሰልሚያ የባሰች ናት። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጓሮ ደርሼ ስመለስ ጉልበቴን የሚያመኝ ለምንድን ነው እል ነበር፤ አሁን ገባኝ» አለች። ስቃ ስታበቃ ግን ጀሪካኑን አህያዋ ላይ ጫነችና ወደ ምንጩ ሄደች። ጋሽ ከድሮን ያቃጠላቸው ቀልዱ አልነበረም፤ ያ ጀሪካን ነው።

በሦስተኛው ቀን ስታፋቸውን አጣጥፈው በባጃጅ ቢሮ ድረስ መጡ። አቶ ሙባሪክ ፊት ቆሙና «ኮረብታው እንሰት ነው» አሉ።

«እንዴት?»

«ፎቶ መሬት አያይም። ያየውን ነው የሚያይ። የኔ ጓሮ እንሰት ነው፤ ቅጠሉ ከቅጠሉ ገጥሞ አፈር አይታይም። እሷ ፎቶ ያነሳችው የቅጠሉን ጫፍ ነው። ሴት ልጅ ሻሽ ከምራ ፎቶ ብትነሣ ጭንቅላቷ ረዘመ ይባላል?»

ፊቴ ቀላ። ትክክል ነበሩ። ትምህርት ቤትም ተነግሮኛል፤ ፎቶ ባዶ መሬት ላይ እንጂ ጥቅጥቅ ካለ አትክልት ሥር ያለውን መሬት አያውቅም ተብሎ ፈተና ላይ እንኳ መጥቶ መልሼዋለሁ። ዛፍ ብቻ መስሎኝ ነው፤ እንሰትን ማን አስታወሰ! እንሰት ሲበላ ያደገ ሰው እንሰትን ኮረብታ ብሎ ካርታ ላይ ሲጽፍ ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም።

«እንሰቱን ለክቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ከድሮ። «አምስት ሜትር ነው። ከአራት ላይ አምስት ቀንሱ። መንደሬ ከመስመሯ አንድ ሜትር በታች ነው። ውሃ ይደርሰናል።»

አቶ ሙባሪክ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «በቃል አይቀነስም ጋሽ ከድሮ። ለማረጋገጥ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል።» ዕድል ሆኖ ለአንድ የመንገድ ጥናት ሌዘር የጫነ ትልቅ ድሮን ይዘው የመጡ ባለሙያዎች ቡታጅራ ነበሩ። አቶ ሙባሪክ ለምነው አንድ ጠዋት በአምስቱም መንደሮች ላይ እንዲያበሩልን አስማሙ። መንደሩ ግን ሌዘሩን አልጠበቀም። አንድ ሜትር በታች የሚለው ቃል እንደ ተሰማ ሸረፋ በግ አረደ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ተረት የነገረው አልነበረም።

የሌዘሩ ባለሙያ ዮናታን ይባላል፤ ፀጉሩን የቆለለ፣ መነጽሩን የማያወልቅ የአዲስ አበባ ልጅ። ጋሽ ከድሮ ገና ሰላም ሳይሉት «ያንተው ምን ያያል?» አሉት።

«ምንም አያይም ፋዘር። ብርሃን እየወረወረ ተመልሶ እስኪመጣ ይቆጥራል። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደተመለሰ ካወቀ ርቀቱን ያውቃል።»

«እንሰት ላይ ሲደርስስ?»

ዮናታን ትንሽ አሰበ። «ዝናብ በሉት። ዝናብ ሲዘንብ እንሰት ሥር ይጠለላሉ አይደል? አብዛኛው ጠብታ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ግን አንዳንዱ በክፍተቱ ሾልኮ አንገትዎ ውስጥ ይገባል። ሌዘሩም እንደዚያ ነው፤ በሰከንድ ብዙ ሺህ ይወረውራል፤ ቅጠል የመታውን እንጥለዋለን፣ ሾልኮ አፈር የነካውን እንይዛለን።»

ጋሽ ከድሮ አንገታቸውን ዳሰሱ። እንሰት ሥር የተጠለለ ሰው ሁሉ ያንን ጠብታ ያውቀዋል። «ይሄ ነው መለኪያ!» አሉ። ማሽኑ ሲነሳ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ያግዝህ» ብለው መረቁት። የኔን ድሮን አንድም ቀን መርቀውት አያውቁም፤ ቀናሁ።

ውጤቱን ለማየት ቢሮ ስንሰበሰብ ጋሽ ከድሮ የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። ዮናታን ኮምፒውተሩን ከፈተ። ኮረብታው የለም! ጓሮው ለጥ ያለ፣ ትንሽ ተዳፋት ነው። ጋሽ ከድሮ ወደ እኔ ዞረው በአገጫቸው ወደ ስክሪኑ አመለከቱኝ። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

«የቦኖው ቦታስ?» አሉ አቶ ሙባሪክ።

ዮናታን ነካ ነካ አደረገ። «ከመስመሯ በላይ ስልሳ ሳንቲ።»

«በታች ማለትህ ነው» አሉ ጋሽ ከድሮ።

«በላይ ነው ፋዘር።»

«አምስት ሜትር እንሰት! ራሴ ለክቼዋለሁ! ከአራት አምስት ሲቀነስ በላይ ይሆናል?» ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞረው «ተሳስተሃል» አሉት። ከሦስት ቀን በፊት የመረቁትን ማሽን።

እውነቱን ልናገር፤ በውስጤ ደስ አለኝ። የኔ ፎቶ ብቻ አይደለም ለካ የሚሳሳተው። ደስታዬ ግን አሥር ደቂቃ አልቆየም። ዮናታን የኔንና የሱን ካርታ አንዱን በአንዱ ላይ አነባበራቸው።

«እንሰቱን ተይው» አለኝ። «እንሰት ላይ ሁለታችን እንደማንስማማ ይታወቃል። ባዶ መሬት እንይ። ሣር ላይ፣ መንገድ ላይ ፎቶም ሌዘርም አንድ መሆን አለባቸው።» አራቱ መንደሮች ላይ ልዩነታችን ከመዳፍ ስፋት አይበልጥም ነበር። አምስተኛው መንደር ጀፎሮ ላይ ግን፣ ሣሩ እንደ ጥፍር ካጠረበት ቦታ፣ የኔ ፎቶ ከሱ ሌዘር አንድ ሜትር ከስልሳ ዝቅ ብሏል። ባዶ ሣር ላይ! የሚያሳብብበት ቅጠል የለም። ከሁለቱ ማሽን አንዱ ታሟል ማለት ነው።

አቶ ሙባሪክ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከሰማይ የመጡት ካልተስማሙ ዳኛው ከምድር ነው» አሉ። «ጋሽ ከድሮ ይቁሙ።»

በማግሥቱ ሄድን። እኔ ሌቭሉን ይዤ፣ ከፍታው ከሚታወቀው የሲሚንቶ ምልክት ተነሥቼ፣ እያነበብኩ እየተሻገርኩ ጀፎሮው ደረስኩ። መንደሩ በሁለቱም ረድፍ ደጅ ደጁ ላይ ቆሞ ያያል፤ እትዬ ሰልሚያ ጀሪካኗን ይዛ ደጇ ላይ አለች። ጋሽ ከድሮ የመታሁትን ምስማር አገኙና ስታፉን በላዩ አቆሙ። እንደ ወትሮው ቀጥ አሉ። አነበብኩ፣ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ደግሜ አነበብኩ።

«ሌዘሩ ልክ ነው» ብዬ ጮህኩ። «የተሳሳተው ፎቶው ነው!» ከዚያ ነገሩ ድንገት በራልኝ። «ጋሼ! ያ ጥቁርና ነጭ ፕላስቲክ እስከ በረራው ሰዓት ከዚህ ምስማር ላይ ነበር?»

ዓይኔ መነጽሩ ላይ ነበር። በመነጽሩ ውስጥ ስታፉ አጋደለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አጋደለ።

ቀና ብዬ ሳይ ጋሽ ከድሮ ወደ ደጃቸው ዞረዋል። እዚያ በአራት ቋሚ ላይ የተሠራ፣ በርበሬ የሚሰጣበት ቆጥ አለ። በርበሬው እስከ አሁን ቀይ ሆኖ ተነጥፎበታል።

«የሸረፋ ልጅ ሙሽራ ልታልፍ ነበር» አሉ በቀስታ። «ጀፎሮ ላይ ዕቃ አይቀመጥም። አነሣሁትና እዚያ፣ በርበሬው ላይ ዘረጋሁት። ከብት እንዳይረግጠው ብዬ ከፍ አደረግሁት። አራቱንም ድንጋይ መልሼ አስቀምጬበታለሁ። ፎቶ ነው ብዬ ነው። ለጌጥ መስሎኝ ነው። መለኪያ መሆኑን ባውቅ እጄ ይቆረጥ ነበር እንጂ አልነካውም፤ ወላሂ።»

ስታፉን ይዘው ሄዱና ቆጡን ራሳቸው ለኩት። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው አነበቡት፤ «አንድ ሜትር ከስልሳ!»

ኮምፒውተሩ ምልክቱ ሣሩ ላይ እንዳለ አምኖ፣ ያንን የመሬት ጥግ በአንድ ሜትር ከስልሳ ወደ ታች ጭኖታል። እንሰቱ መንደሩን ወደ ላይ አነሣው፣ ቆጡ ደግሞ ወደ ታች ሳበው፤ ጋሽ ከድሮ እንሰቱን ሲቀንሱ የራሳቸው ስሕተት ብቻ ቀረና «ውሃ ይደርሳል» አላቸው። ሸረፋ በጉን ያረደው ለዚህ ነው።

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። ፎቶው ላይ ያንን ምልክት ሳይ ዙሪያው ቀይ ነበር። ቀዩን አፈር ነው ብዬ አለፍኩት። የመስቃን በርበሬ መሆኑን ባውቅ ኖሮ! ይህን ጮክ ብዬ ስናገር አንዲት አሮጊት «አፈር?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ከድሮ ብቻ አልሳቁም። እትዬ ሰልሚያን ያዩ ነበር። እሷም አልሳቀችም። ስልሳ ሳንቲ ሜትር፤ የአንድ ጀሪካን ቁመት ትንሽ ቢያልፍ ነው። በዚያ ሠላሳ አራት ዓመት ላይ ሌላ ዕድሜ ሊጨመር ነው።

ሸረፋ መላ አያጣም። «ታዲያ ምን ችግር አለ?» አለ። «የቦኖውን ቦታ ስልሳ ሳንቲ እንቆፍረዋ! ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ ነው እንላለን። ጋሽ ከድሮ ስታፉን ጉድጓዱ ውስጥ ያቆማሉ፤ ፍሬሕይወት ታነባለች፤ በወረቀቱ ዝቅ እንላለን።»

ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙ፤ ሐሳቡ የጣማቸው ነበሩ። ጋሽ ከድሮ ቀና አሉ።

«ወረቀቱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባልሃል። ውሃውስ? ክረምት ሲመጣ ጎርፍ የሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ ትቀዳለህ? በሠላሳ አንድ ዓመት ልኬት ያበላሸሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ስታፌን ሳልይዝ ነው። ይዤው አይዋሽም።»

ያኔ እትዬ ሰልሚያ ጀሪካኗን እንደያዘች ወደ ጀፎሮው ሁለት እርምጃ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ ምስማሩ ያለበት ስንት ነው?»

ጋሽ ከድሮ መልሱን ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ፤ አሁን ነው የደመርኩት። ጀፎሮው ከመስመሯ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር በታች ነው። ውሃ ይደርሰዋል። ግን ጀፎሮ ነው። አይቆፈርም፣ አይታጠርም፣ ዕቃ አይቀመጥበትም። ይህን ሕግ በዚያ መንደር ከሁሉ በላይ ያስከበረው ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም እሱኑ ያያል።

«በታች ነው» አሉ።

«በስንት?»

«በሃምሳ።»

እትዬ ሰልሚያ አህያዋን ፈትታ ወደ ምንጩ ሄደች። ጋሽ ከድሮ እዚያው ቆሙ። ሌቭሉን ጠቅልዬ መኪና ላይ ጭኜ ስንነሣ እንኳ ቆመው ነበር። «ይሂዱ» ማለት የነበረብኝ እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ ቡታጅራ ከገባን በኋላ ነው።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔ በቢሮው ስም ተጠርቼ ነበር። ጋሽ ከድሮ መሃል ቆመው ተናገሩ፤ ንግግራቸው አጭር ነው። «ጋሪያችሁን ያነሣሁት እኔ ነኝ። በርበሬያችሁን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። የልኬቱንም ምልክት ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ሜዳ ላይ ዕቃ ሳነሣ ኖሬ፣ ዛሬ አንድ ዕቃ እንዲቀመጥበት እለምናችኋለሁ።» አንድ ሽማግሌ ጀፎሮ ለሰው ተተወ እንጂ ሰው ለጀፎሮ አልተሠራም አሉ። ሌላው ዛሬ ቦኖ ከተፈቀደ ነገ ሱቅ ይመጣል አሉ። ክርክሩ የአስር ሰላት አዛን እስኪሰማ ቆየ። በመጨረሻ ተፈቀደ፤ ከዳር በኩል፣ ከአራት እርምጃ ሳይበልጥ፣ አጥር ሳይኖረው። ጠባቂው ጋሽ ከድሮ ይሁኑ ተባለ። ቅጣትም ተበየነባቸው፤ ለሸረፋ በከንቱ የታረደውን በግ እንዲተኩለት። ሸረፋ ያለ ሐፍረት ተቀበለ።

ውሃው የደረሰው በሚያዝያ ነው። እኔም ሄጄ ነበር። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ አስነጠሰ፣ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። በደቂቃ ውስጥ ጀሪካኑ ሁሉ ጀፎሮው ላይ ተሰለፈ፤ ቢጫው፣ ነጩ፣ ክዳን ያለው፣ ክዳኑ የጠፋው። ያ ንጹሕ ሣር ዕቃ በዕቃ ሆነ። ሰው ሁሉ ድምፁን ቀነሰና በጎሪጥ ጋሽ ከድሮን አየ።

ጋሽ ከድሮ ከደጃቸው ተነሥተው መጡ። ሰልፉን ከጫፍ ጀምሮ እያዩ አለፉ። እጆቻቸው ሲንቀሳቀሱ አይቻለሁ፤ ሊያነሡ ይፈልጋሉ፤ ልማድ ነው። ከፊተኛው ጀሪካን ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የእትዬ ሰልሚያ ነበር። ጎንበስ አሉ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች እትዬ ሰልሚያ።

«አጋድሏል» አሉ።

ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀጥ አደረጉት፣ ከቧንቧው ሥር አቆሙት፤ እሳቸውም ከአጠገቡ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እስኪሞላ ድረስ።